የኮሜዲና የቤተሰብ ፊልም ዲስክን በምን ትለኩታላችሁ?

የሂርማታ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ መርካቶ አንድ ፊልም ማከራያ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ የቀረውን ዕቃ ሸጠልኝ። ሁለት ካርቶን ዲስክና አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ነው። ግማሹ ኮሜዲና የቤተሰብ ፊልም ነው። እኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሰው ይሰበሰባል። አያቴ አለች፣ አኮ ነው የምንላት። የእህቴ ልጆች አሉ፣ የጎረቤት ልጆችም ይመጣሉ። በርጩማ ሲያልቅ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው የሚለው ነገር ያሳስበኛል።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ላውጋችሁ። አንድ የውጭ ኮሜዲ በሁለት ዓይነት ተገኘ፤ በቪሲዲና በዲቪዲ። ቪሲዲውን ልጆቹ ቀደም ብለው አይተውታል። አንድ ቦታ ላይ ሰውየው ቆሞ በቁም ነገር ያወራል፣ በቃ። ማንም አልሳቀም። ቅዳሜ ዲቪዲውን ከፈትኩላቸው። ያው ቦታ ሲደርስ ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ለካ በስተግራ ጥግ ሌላ ሰው አለ። ረጅም መሰላል ተሸክሞ በሩ አላስገባ ብሎት ይታገላል። ቪሲዲው ላይ ያ ጥግ የለም። ሰፊው ፊልም የድሮውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሲባል ግራና ቀኙ ተከርክሟል። ቀልዱ አብሮ ሄዷል።

የዲስክ ግምገማ ሳነብ የሚወራው ሁሉ ስለ ምስል ጥራት ነው። ለጦርነት ፊልም ይሁን። ኮሜዲ ግን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል ባይ ነኝ። ፊልም ሠሪው ያሰበው ሳቅ ሳይጎድል ቤቴ ደርሷል ወይ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። እናንተስ?

ዴክ ጠጋኙ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ በዲስኩ ላይ ከመፍረድህ በፊት ቴሌቪዥንህን ፈትሽ። ሥራዬ ዴክና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ሰዎቹ ሁሉ ወፈሩብኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። በ4 ለ 3፣ ማለት በድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ የተቀረጸውን 16 ለ 9 የሆነው ሰፊ ስክሪን ሲለጥጠው ነው። ዙም ላይ ከተተወ ደግሞ ላይና ታቹ ይቆረጣል።

ቀላሉ መፈተኛ ክብ ነገር ነው። ፊልሙ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት፣ ሳህን ወይም የመኪና ጎማ ፈልግ። ክቡ እንቁላል ከመሰለ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው፤ በሪሞቱ የምስሉን መጠን አስተካክል። ላይና ታች ጥቁር መስመር ሲመጣ ሰው ምስል የተቀነሰበት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሰፊው ፊልም ሳይከረከም እንዲገባ ሲባል ነው ጥቁሩ የመጣው። አንተ ያየኸው ባለመሰላሉ ሰውዬ የተረፈውም በዚያ ነው።

ስለ ጥራት ካነሳህ አይቀር፣ እኛ አገር በምንጠቀመው የቴሌቪዥን አሠራር፣ በፓል፣ ቪሲዲ ማለት 352 በ288 ነጥብ ነው። ዲቪዲ 720 በ576። ቁጥሩን ብታባዛው ዲቪዲው አራት እጥፍ ይሆናል። ብሉሬይ ደግሞ 1920 በ1080 ነው፣ የዲቪዲው አምስት እጥፍ። ለኮሜዲ ይህ ዋጋ የለውም እንዳትል። በቪሲዲ ከሩቅ የቆመ ሰው ፊቱ አይለይም። ደንግጦ ይሁን ተናዶ ካላየህ በምን ትስቃለህ?

የኮቺዋ እናት
እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እኔ ለምስሉ ብዙም አልጨነቅም። የሚያንገበግበኝ ድምፁ ነው። ማታ ትንሹን አስተኝቼ ከትልልቆቹ ጋር ፊልም እንከፍታለን። ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም። ድምፅ እጨምራለሁ። ወዲያው ሙዚቃው ወይም የበር ድብደባው ይመጣና ቤቱን ያናውጠዋል። ሕፃኑ ይነቃል። ሪሞቱን ከእጄ ሳላወርድ ፊልሙ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ሽፋኑ ላይ «ለመላው ቤተሰብ» ስለተባለ ብቻ የቤተሰብ ነው አልለውም።

ሌላው፣ ከፊልሙ በፊት የሚመጣው የሌሎች ፊልሞች ማስታወቂያ። አንድ ጊዜ ለልጆች ካርቱን ከፈትኩና ከፊቱ የሚያስፈራ ፊልም ማስታወቂያ መጣ። ለማለፍ ስጫን እምቢ አለኝ። የ4 ዓመቷ ልጄ ሁለት ሌሊት ብቻዬን አልተኛም አለች። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም የልጆች ዲስክ ቀን ላይ ብቻዬን ከመጀመሪያው እከፍተዋለሁ። ከመክፈቻው እስከ ምርጫ ገጹ ምን እንዳለ አያለሁ። ይህን የሚያነሳ ገምጋሚ አላየሁም። እናት ግን መጀመሪያ የምትፈልገው ይህን ነው።

ዴክ ጠጋኙ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡25

እህቴ፣ የድምፁ ነገር መፍትሔ አለው። ብዙ ዲቪዲ ላይ ያለው ድምፅ 5.1 የሚባለው ነው፤ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር የተከፋፈለ። ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመሀለኛው ስፒከር ነው። እኛ ቤት ያለው የቴሌቪዥኑ ሁለት ትንንሽ ስፒከር ብቻ ነው። ስድስቱ ወደ ሁለት ሲጨመቅ ንግግሩ ይዋጣል። ዲስኩ ምርጫ ገጽ ላይ የድምፅ ምርጫ ውስጥ ግቢና 2.0 ወይም ስቴሪዮ የሚል ካለ እሱን ያዢ። ከሌለ የዴኩ ሴቲንግ ውስጥ ጮክ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርግ የማታ ማዳመጫ ብዙ ዴክ አለው።

ስለዚህ ዲስክ ስትመርጡ ሽፋኑን ገልብጡት። 5.1 ብቻ ያለውና ከጎኑ 2.0 የጨመረው ለእኛ ቤት እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ይሻላል።

የኪቶ ተማሪ
እሁድ፣ ከረፋዱ 5፡20

ከየሂርማታ ልጅ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። «ኮሜዲ የምስል ጥራት አይፈልግም» ወደሚለው እንዳንሄድ ግን እሰጋለሁ። የፈረንሳዩን ፊልም ሠሪ የዣክ ታቲን «ፕሌይታይም» ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ፣ በ70 ሚሊሜትር፣ ማለት ከተለመደው በሚሰፋ ፊልም የተቀረጸ ኮሜዲ ነው። ካሜራው ከሩቅ ይቆማል፣ የፊት ቅርብ ምስል የለም ማለት ይቻላል። በአንድ ምስል ውስጥ አራት አምስት ቀልድ በየጥጉ እኩል ይሄዳል። የትኛውን እንደምታይ የምትመርጠው አንተ ነህ። እሱን በቪሲዲ ማየት የቡና ሥነ ሥርዓትን በመስኮት መጋረጃ በኩል እንደማየት ነው። ሽታው እንኳ አይደርስህም።

ደግሞ «ጥራት» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንዳንድ ኩባንያ የድሮ ፊልም ሲያወጣ ነጠብጣቡን ሁሉ በኮምፒውተር ያጥበዋል። ሲከፈት ያብረቀርቃል። ሰው «ዋው፣ እንዴት ንጹሕ ነው» ይላል። ግን ያ ነጠብጣብ የፊልሙ የራሱ ገላ ነው። አብሮት የሰው ፊት መስመር፣ የልብስ ሽመና ይታጠባል። በእጅ በተሣለ ካርቱን ላይ ደግሞ ይብሳል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ካወጣው የዳልማሽያን ውሾች ፊልም ጀምሮ የሠዓሊው የእርሳስ ሥዕል በቀጥታ በዜሮክስ፣ እንደ ፎቶ ኮፒ፣ ብርሃን ወደሚያሳልፈው የካርቱን ፕላስቲክ ይገለበጥ ነበር። ለዚህ ነው መስመሩ ሻካራ የሆነው። የሠዓሊው እጅ ይታያል። ማሽኑ ያንን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሲጠርገው ሥዕሉ ሕይወት ያጣል። ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። እኔ ግን በልጅነቴ እያየሁ ሥዕል የተማርኩት ከዚያ መስመር ነው።

ለመፈተን አንድ ምስል ላይ አቁሙና ፀጉር እዩ። ፀጉሩ እንደ ሰም ከለሰለሰ ታጥቧል።

የሂርማታ ልጅ
እሁድ፣ ከቀኑ 6፡15

ጥሩ ተናገርክ። «ጥራት አይፈልግም» አላልኩም፣ ግን እንደዚያ ከተሰማ አርሜዋለሁ። ጥግ ላይ ያለ ቀልድ ጥርት ብሎ መታየቱም እኮ ያው የእኔ ጥያቄ ነው። ሳቁ ደረሰ ወይ?

ከፈረንጅ አራዳ
እሁድ፣ ከሰዓት 9፡45

ልጆች፣ ሁላችሁም በደንብ ታወራላችሁ። እኔ ግን የረሳችሁትን ላንሳ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የአማርኛ ኮሜዲዎችስ? የውጭው ፊልም በቪሲዲ ቢበላሽ ዲቪዲ አለው፣ ብሉሬይ አለው። የእኛው ብዙ ጊዜ ያለችው አንድ ቅጂ ናት። የቪዲዮ ካሴት ወይም ቪሲዲ፣ ከዚያ በኋላ የለም። እሱን ከውጭው ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጣችሁ «ምስሉ ደብዛዛ ነው» ብላችሁ ከጣላችሁት ፊልሙን ራሱን ነው የጣላችሁት።

እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያደግን ነን። የበሩ ጨርቅ ተጋርዶ፣ ሰው እስከ ጓሮ ቆሞ። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆኖም ከፊት የተቀመጠው ሲስቅ ከኋላ ያለው ምን እንደሆነ ሳያይ ይስቅ ነበር።

እና ምክሬ ይህ ነው። የአማርኛውን ስትገመግም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይከፈታል ወይ? እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይ?» ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ። ዝናቡ ረጅም ነው፣ እርጥበቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ካሴቶቹን ከማጫወትህ በፊት በመስኮቷ በኩል ቴፑን እይ። ነጭ ብናኝ ወይም ክር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ እንዳትከተው! ሻጋታው ከካሴቱ ወደ ዴኩ፣ ከዴኩ ወደ ሌላው ካሴት ይሄዳል። እኔ በዚህ ሙሉ መደርደሪያ አጥቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሂርማታ ልጅ
እሁድ፣ ከሰዓት 10፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ተነስቼ አየሁት። ስድስቱ ካሴት ነጭ ነገር አለው። ለይቼ በረንዳ ላይ በፌስታል አሰርኳቸው። ባይነግሩኝ ኖሮ ዛሬ ማታ ልከፍተው ነበር።

ዴክ ጠጋኙ
እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡50

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ዲስኮቹን ደግሞ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጥረግ። ከመሀል ወደ ውጭ ቀጥ አድርገህ። ክብ እያዞርክ አትጥረግ። ማሽኑ መረጃውን የሚያነበው በክብ ስለሆነ የክብ ጭረት ረጅም መስመር ያጠፋበታል። ቀጥ ያለ ጭረት ቢፈጠር እንኳ ዘሎት ያልፋል።

የጎጀብ ማዶ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ስለ ጽሑፉ ነው የማወራው። ከስር ስለሚመጣው ሰብታይትል። ትርጉም እሠራለሁ፣ ስለዚህ ሌላውን ትቼ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው።

የኮሜዲ ሰብታይትል ትልቁ ኃጢአት መቅደም ነው። ተዋናዩ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ቆም ይላል። ሳቁ ያለው ከቆመ በኋላ በሚመጣው ቃል ነው። ጽሑፉ ግን ሁለቱንም መስመር በአንድ ላይ አውጥቶታል። ሰው አንብቦ ጨርሷል። ተዋናዩ ቃሉን ሲናገር ቤቱ ዝም ብሎ ያየዋል። ጎበዝ አዘጋጅ ሁለት ጽሑፍ አድርጎ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ቃሉ ከአፍ ጋር እኩል ይመጣል። ማንኛውንም ዲስክ ስገመግም የማየው ይህን ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። አንድ ሰው «ብድሬን መቼ ትከፍለኛለህ?» ሲባል «ገና» ይላል እንበል። አበዳሪው በዓሉ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። በበዓሉ ማግስት ሲመጣ «ገና ነው አልኩህ እኮ» ይለዋል። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም። ቀልዱ ያለው በዚያች መጥበቅና መላላት ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲመጣ ተርጓሚው አንዱን መርጦ ሌላውን ይገድላል። በአማርኛ ብትጽፈው እንኳ ፊደሉ አንድ ስለሆነ አይለይም። የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ኮሜዲ ዲስክ ድምፁ ከታፈነ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ ወድቋል። የኮቺዋ እናት ስለ ድምፅ ያሉትን በዚህ ምክንያት ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ።

የኮቺዋ እናት
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ገናዋን ለባለቤቴ ነገርኩት። አሁንም እየሳቀ ነው።

የ7 ዓመቱ ልጄ ሰብታይትል ማንበብ ይጀምርና መሀል ላይ ይጠፋበታል። ከዚያ «ምን አለ? ምን አለ?» ነው። ለዚህ ዕድሜ በድምፅ የተተረጎመው ይሻላል። የ11 ዓመቷ ግን ዋናውን ድምፅ ትፈልጋለች። በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱም ካሉ ለእኔ ያ ነው ምርጥ ዲስክ።

የሙዚቃ መምህር
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለት 24 ነጠላ ምስል ነው የሚቀረጸው። አገራችን የምትጠቀመው ፓል ግን በሰከንድ 25 ያሳያል። ስለዚህ የፓል ዲቪዲ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ትንሽ ያፈጥኑታል። 4 በመቶ ነው። 100 ደቂቃ የነበረው 96 ደቂቃ ይሆናል። ካልታረመ ድምፁም ይቀጥናል፣ ከግማሽ ቶን ትንሽ ባነሰ።

ለቤተሰብ ፊልም ይህ ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ዘፈን አላቸው። ዘፈኑን ከካሴት የማውቀው ሆኖ ከፊልሙ ጋር ክራር ሳነሳ ቅኝቱ አይገጥምም። የሕፃን ድምፅ ደግሞ ሲቀጥን ይሾላል። ኮሜዲ ላይ የንግግሩ ዕረፍት ያጥራል። የኤንቲኤስሲ፣ ማለት በአሜሪካ አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ወይም ብሉሬይ ካገኛችሁ ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የለም። ያሁኑ ዴኮች ሁለቱንም ያጫውታሉ።

የኪቶ ተማሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

መምህር፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለት ሰከንድ ዝምታ 1.92 ሰከንድ ቢሆን ማን ያውቃል? ቀልድ በዚያ አይሞትም። የዘፈኑን ግን እቀበላለሁ።

ፍጥነት ካነሳን ትልቁ ጥፋት ያለው ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ነው። ያኔ ካሜራው በእጅ ነበር የሚዞረው፣ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት አልነበረም። ብዙዎቹ ከ24 በታች ናቸው። ርካሽ ዲስክ ላይ በ24 ወይም በ25 ይለቁታል፣ ሰው ሁሉ እንደ ጉንዳን ይሯሯጣል። ልጆች ይስቃሉ፣ ግን የሚስቁት በማሽኑ ነው። ፍጥነቱ የተስተካከለውን ስታዩ ቻፕሊን እንዴት በቀስታ እንደሚዞር፣ ባርኔጣውን እንዴት እንደሚነካ ታያላችሁ።

የሂርማታ ልጅ፣ ካርቶንህ ውስጥ የቻፕሊን «ዘ ጎልድ ራሽ» ካለ ልብ በል፣ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ድምፅ አልባ ነው፣ መሀል መሀል ላይ ጽሑፍ ይመጣል። በ1942 ራሱ ቻፕሊን ጽሑፉን አውጥቶ፣ በራሱ ድምፅ እየተረከና ሙዚቃ ጨምሮ እንደገና አወጣው። ይህኛው አጠር ይላል፣ 72 ደቂቃ ነው። ሽፋኑ ላይ የቱ እንደሆነ ላይጻፍ ይችላል። ሰዓቱን እይ።

የሙዚቃ መምህር
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ልጄ፣ ዓይንህ ላያውቀው ይችላል። ጆሮህን ግን አሠልጥነው። ከዚያ እናወራለን።

ጠያቂ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከውጭ ዘመድ ዲቪዲ ልኮልኝ አልከፍትም ይላል። ሪጅን ምናምን የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ዲስኩ ፎርጅድ ነው?

ዴክ ጠጋኙ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡35

አይደለም። ኦሪጅናል ስለሆነ ነው እንዲያውም። ዲቪዲ በአገር የተከፋፈለ ነው። የእኛ 5 ነው፣ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2። ዴክህ ሁሉንም እንዲከፍት ብዙ ጊዜ በሪሞት ይስተካከላል። ሞዴሉን ንገረኝ። ለቤተሰብ ዲስክ ላኩልኝ የምትሉ ሁሉ 0 ወይም «ኦል» የሚለውን ጠይቁ።

የሂርማታ ልጅ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሳምንቱን ሙሉ ስለይ ከረምኩ። የተከረከሙትን ለየብቻ አስቀመጥኩ። የአማርኛዎቹን ጋሼ እንዳሉት አንድም አልጣልኩም። ሦስቱ እስከ መጨረሻ ይሄዳሉ፣ አንዱ መሀል ላይ ይቆማል።

የኪቶ ተማሪ፣ «ዘ ጎልድ ራሽ» ነበረ። 72 ደቂቃ ነው፣ ባለትረካው። ትላንት ማታ ከፈትኩት። ትረካው እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ አማርኛና ኦሮምኛ ነው የሚሰሙት፣ አኮ ኦሮምኛ ብቻ። አሥር ደቂቃ ሲሄድ ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ድምፁ ስለሚያወራ የሚያመልጣቸው ነገር ያለ መሰላቸው። «ምን አለ?» ይላሉ። የኮቺዋ እናት እንዳለችው ነው። በመጨረሻ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋሁት።

ያኔ ቤቱ ተለወጠ። ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበት ቦታ ሲደርስ አኮ መተረክ ጀመረች። በኦሮምኛ፣ ለልጆቹ። ይህ ሰውዬ ርቦታል፣ ማሰሪያውን እንደ ስፓጌቲ ሊጠቀልለው ነው፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት ሊመጠው ነው እያለች። ልጆቹ አንዴ እሷን አንዴ ስክሪኑን እያዩ ይስቃሉ። ምስሉ ጥርት ያለ ስለሆነ ሚስማሯ ትታያለች። ለእኔ ይህ ዲስክ ይቆያል። የሚቀጥለው ፍለጋዬ ግን የ1925ቱ ነው። እሱን የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።

አንድ ነገር፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሁለት ጊዜ ቆመ። ዲስኩ ላይ ጭረት የለም።

ዴክ ጠጋኙ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡50

የዴኩ ሌንስ አቧራ ይዞ ይሆናል። ዲስክ ሲያልቅ የሚነበበው ጠርዙ ነው፣ የደከመ ሌንስ እዚያ ጋ ነው የሚቸገረው። ማክሰኞ ይዘኸው ና፣ እጠርግልሃለሁ። ያቺን መሀል ላይ የምትቆመውን የአማርኛ ዲስክም አምጣት።